የሳሎን ኮርኒስ መብራት እንደልብ እንዲበራና እንዲጠፋ

ከመስቀል ፍላወር ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሦስት ዓይነት ቤት ጎን ለጎን ይገኛል፤ ቆርቆሮ ክዳንና የችፑድ ኮርኒስ ያለው የቆየ ቪላ፣ ከጀርባው ተጠጋግቶ የተሠራ የጭቃ ቤት፣ ከሁለቱም ከፍ ብሎ የቆመ አዲስ አፓርታማ። የሦስቱ ሳሎን በመልክም በስፋትም አይገናኝም። በአንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ፤ የኮርኒሱ መብራት የሚታዘዘው ከበሩ አጠገብ ባለ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ከበራ ሁሉም ይበራል፤ ከጠፋም ሁሉም ይጠፋል።

ይህ ማብራሪያ ቤት ለሚያሠሩ፣ ለሚያድሱና ሙያውን ለሚማሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር፤ የሳሎን መብራት እንደልብ መታዘዙ የሚወሰነው ማብሪያ ሲገዛ ሳይሆን ግድግዳው ከመለሰኑና ኮርኒሱ ከመገጠሙ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ሳትገባ የቀረች አንዲት ሽቦ በኋላ ግድግዳ ታስፈርሳለች።

ሳሎኑ ምን ይሠራበታል?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከመጠራቱ በፊት የቤቱ ሰዎች ተቀምጠው መነጋገር ያለባቸው ስለ አኗኗራቸው ነው። ቡና የሚፈላው የትኛው ጥግ ላይ ነው? ልጆች የሚያጠኑት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው ወይስ ሶፋው ላይ? ቴሌቪዥኑ በየትኛው ግድግዳ ይሰቀላል? ሌሊት ለጸሎት የሚነሱ አያት ካሉ ከመኝታ ክፍላቸው ወጥተው እስከ ሳሎኑ ማዶ በምን ብርሃን ይሄዳሉ? የዓመት በዓል ዕለት ቤቱ በሰው ሲሞላስ?

ከመልሱ የመብራት ምድቦች ይወጣሉ። ለመካከለኛ ሳሎን ሦስት ምድብ ይበቃል ባይ ነኝ፤ መሐሉ ላይ የሚንጠለጠለው ቻንደሌር፣ በምግብ ጠረጴዛውና በሶፋው በኩል የሚደረደሩት ስፖት ላይቶች፣ በጂፕሰሙ ዙሪያ ተደብቆ የሚበራው የኤልኢዲ ስትሪፕ። አራተኛ ምድብ ከተፈለገ ለመተላለፊያው የምትሆን አንዲት ትንሽ መብራት ትሁን። ከዚያ በላይ ሲበዛ የቤቱ ባለቤት ራሱ የቱ ቁልፍ የቱን እንደሚያበራ ይረሳል። እንግዳማ ሁሉንም እየተጫነ ይፈልጋል።

ፌዝ፣ ተመላሽና ኒውትራል

ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከቆጣሪው ወደ ብሬከር ሳጥኑ ይመጣል፤ ከዚያ ለመብራት የሚሄደው መስመር በተለመደው አሠራር ባለ 10 አምፔር ብሬከርና ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይኖረዋል። ለሶኬት የሚሄደው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ነው። ሁለቱ መስመሮች መቀላቀል የለባቸውም። መብራት ጠፋ ብሎ ከቅርቡ ሶኬት ሽቦ መቀጠል ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ትክክል አይደለም። የሶኬቱ ብሬከር 16 አምፔር ስለሆነ ለቀጭኑ የመብራት ሽቦ የሚገባውን ጥበቃ አይሰጠውም።

የአንድ አምፖል ነገር ቀላል ነው። ፌዙ መጀመሪያ ወደ ማብሪያው ይወርዳል። ማብሪያው ሲበራ ኃይሉ በሌላ ሽቦ ወደ አምፖሉ ይመለሳል፤ ይህንን ሽቦ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተመላሽ እለዋለሁ። ኒውትራሉ በማብሪያው ሳያልፍ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ግራውንዱ ደግሞ የብረት አካል ያለው ቻንደሌር ላይ ይታሰራል፤ ቻንደሌሩ ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ብረቱ ኃይል እንዳይዝ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ማብሪያው መቁረጥ ያለበት ፌዙን ነው። ኒውትራሉን ከቆረጠ አምፖሉ ይጠፋል፤ ነገር ግን የአምፖሉ መያዣ ውስጥ 220 ቮልቱ እንዳለ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ “አጥፍቼዋለሁ” ብሎ አምፖል የሚቀይር ሰው የሚመታው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤት ስትገዙ ወይም ስትከራዩ መጀመሪያ የሚረጋገጠው ይህ ይሁን።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም አቀፉ ደረጃ ኒውትራል ሰማያዊ፣ ግራውንድ አረንጓዴና ቢጫ፣ ፌዝ ደግሞ ቡናማ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። በቆዩት የቂርቆስና የካዛንቺስ ቤቶች ግን ግድግዳው ሲከፈት ማንኛውም ቀለም ሊወጣ ይችላል፤ ሠራተኛው በዕለቱ በእጁ የነበረውን ሽቦ ነው የጎተተው። በቀለም አትመኑ፤ በመልቲሜትር ለኩ።

አንድ ፌዝ ገብቶ ሦስት ተመላሽ ሲወጣ

ምድብ መለየት ማለት ለእያንዳንዱ ምድብ የራሱን ተመላሽ መስጠት ማለት ነው። ባለ ሦስት ቁልፍ ማብሪያ ውስጥ አንድ ፌዝ ይገባል፤ በአጫጭር ሽቦ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይተላለፋል፤ ከዚያ ሦስት ተመላሾች ወደ ኮርኒሱ ይወጣሉ። ኒውትራሉ ለሦስቱም ምድብ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ከአንድ ብሬከር እስከመጡ ድረስ።

ቻንደሌሩንም ለብቻው መክፈል ይቻላል። ስድስት አምፖል ያለውን ሦስት ለሦስት ከመክፈል ሁለት ለአራት መክፈል ይሻላል። ሦስት ለሦስት ሲሆን የምታገኙት ግማሽና ሙሉ ብርሃን ብቻ ነው። ሁለት ለአራት ሲሆን ግን በሁለት ቁልፍ ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት አምፖል ማብራት ይቻላል። የሚጨምረው ወጪ የለም፤ ሠራተኛው ቻንደሌሩ ሥር ሽቦ ሲያቧድን ይህንን እንዲያስብ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ችግሩ የሚመጣው የተሠራ ቤት ላይ ነው። የቻንደሌሩን ቆብ በካቻቢቴ ፈትታችሁ ወደ ሶሌታው ብትመለከቱ ብዙ ጊዜ የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ አንድ ተመላሽና አንድ ኒውትራል። በሁለት ሽቦ ሁለት ምድብ አይሠራም። ቱቦው ክፍት ከሆነ ግን ተስፋ አለ። አዲሶቹን ሽቦዎች በአሮጌው ጫፍ ላይ አጥብቆ ማሰር፣ መገጣጠሚያውን በናስትሮ እያቀጠኑ መጠቅለል፣ ከዚያ አንድ ሰው ከላይ ሲስብ ሌላው ከታች እየገፋ ማስገባት ነው። መሳቡ ከከበደ በጉልበት አይቀጠልም፤ የሽቦው ሽፋን ውስጥ ለውስጥ ይላጣል። ቱቦውም ከ40 በመቶ በላይ በሽቦ ባይሞላ ይመረጣል፤ ሙቀት ይታመቃል፣ ሌላ ጊዜ ለመሳብም አይመችም።

ከሁለት በር መታዘዝ

የብዙ ሳሎን ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ማታ በመግቢያው በር ገብታችሁ ታበራላችሁ፤ ወደ መኝታ ስትሄዱ ለማጥፋት እንደገና ወደ መግቢያው ትመለሱና በጨለማ እየዳበሳችሁ ታልፋላችሁ። መፍትሔው ቱ ዌይ የሚባለው ማብሪያ ነው፤ አንዱ በመግቢያው፣ ሌላው ወደ መኝታ ክፍሎቹ በሚወስደው ኮሪደር አፍ ላይ ይገጠማል።

ተራ ማብሪያ ሁለት የሽቦ ቀዳዳ ሲኖረው ቱ ዌይ ሦስት አለው። አንዱ የጋራ ነው፤ ሁለቱ መንገዶች ናቸው። ማብሪያው ሲጫን የጋራው ከአንዱ መንገድ ይለቅና ከሌላው ጋር ይገናኛል፤ ምንጊዜም ከአንዱ ጋር ነው። በሁለቱ ማብሪያዎች መካከል ሁለት ሽቦዎች ይዘረጋሉ። ፌዙ በመጀመሪያው ማብሪያ የጋራ ቀዳዳ ይገባል፤ ተመላሹ ከሁለተኛው ማብሪያ የጋራ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ አምፖሉ ይሄዳል።

ተማሪ እንዲይዘው የምነግረው እንዲህ ነው። በሁለት አደባባዮች መካከል ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አሉ እንበል፤ በየአደባባዩ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ፖሊስ ሁልጊዜ አንዱን መንገድ ከፍቶ ሌላውን ይዘጋል። መኪናው የሚያልፈው ሁለቱም ያንኑ መንገድ ሲከፍቱ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ያለፈው ይቆማል፣ የቆመው ያልፋል። ለዚህ ነው ቱ ዌይ ማብሪያ ላይ “ላይ ማለት በርቷል፣ ታች ማለት ጠፍቷል” የሚባል ነገር የሌለው።

አሁን ማብሪያውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ የጋራው ቀዳዳ ለብቻው በአንድ ወገን ነው፤ ወይም የቡሎኑ ቀለም ከሌሎቹ ይለያል፤ ወይም ፊደል ተጽፎበታል። ነገር ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ አቀማመጡ ስለሚለያይ ከመግጠማችሁ በፊት አረጋግጡ። መልቲሜትሩን ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች በሁለት ቀዳዳዎች ላይ ያዙና ማብሪያውን ተጫኑ። ማብሪያው በየትኛውም በኩል ቢጫን ድምፅ የማይሰጡት ሁለቱ ቀዳዳዎች መንገዶቹ ናቸው፤ የቀረው የጋራው ነው። ይህ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህንን ሳያረጋግጡ የሚገጥሙ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ የጋራውንና አንዱን መንገድ ያቀያይራሉ። ምልክቱም የታወቀ ነው። አንደኛው ማብሪያ በአንድ አቅጣጫ ካልሆነ ሌላኛው ምንም አይሠራም። የቤታችሁ መብራት እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ማብሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ አዲስ አትግዙ፤ የሽቦው ቦታ ነው የተሳሳተው።

ሦስተኛ ቦታ ሲጨመር

ከሦስት ቦታ ለመታዘዝ በሁለቱ ቱ ዌዮች መካከል ኢንተርሚዲየት የሚባል ባለ አራት ቀዳዳ ማብሪያ ይገባል፤ ሥራው ሁለቱን መንገዶች ማቀያየር ነው። ይሠራል፤ ሽቦው ግን እየበዛ ይሄዳል።

ከሦስት ቦታ በላይ ከሆነ ወይም ወደፊት መጨመሩ የማይቀር ከመሰላችሁ ኢምፐልስ ሪሌይ ይሻላል። ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ዕቃ ናት። ማብሪያዎቹ ሁሉ እንደ በር ደወል ተጭነው የሚለቀቁ ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ይበቃል፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይታሰራሉ። በአንዱ ጫን ሲደረግ ሪሌዩ ያበራል፣ ደግሞ ሲጫን ያጠፋል። ባለ ሜካኒካሉ ሪሌይ መብራት ሄዶ ሲመጣ በነበረበት ስለሚቆይ ለእኛ አገር ይስማማል።

የተዋሰ ኒውትራል

ከሁለት ቦታ የሚታዘዝ መብራት ሲሠራ ስለሚፈጠር አንድ አደጋ ጠንከር አድርጌ ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። የሳሎኑ መብራት በአንድ ብሬከር፣ የኮሪደሩና የመኝታ ክፍሎቹ በሌላ ብሬከር ነው እንበል። ሠራተኛው ሽቦ ለመቆጠብ ፌዙን ከሳሎኑ መስመር ይወስድና ኒውትራሉን ከኮሪደሩ ይዋሳል። መብራቱ ይበራል፤ ባለቤቱም ይከፍላል።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ሠራተኛ ይመጣል። የኮሪደሩን ብሬከር ያጠፋል፤ ፌዙን በቴስተር ይነካል፤ ኃይል የለውም። ከዚያ በጃንክሽን ቦክሱ ውስጥ ያለውን የኒውትራል መገጣጠሚያ ይፈታል። በዚያ ቅጽበት በሳሎኑ አምፖል በኩል የመጣው 220 ቮልት ከተፈታው ጫፍ ላይ ይጠብቀዋል። ሁሉንም ጥንቃቄ አድርጎ ሊሞት ይችላል።

ቤቱ ሦስት ፌዝ የሚገባለት ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው። ሁለት የተለያዩ ፌዞች በአንድ ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ከተገናኙ በመካከላቸው ያለው 380 ቮልት ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ለአንድ መብራት ፌዙም ኒውትራሉም ከአንድ ብሬከር ይውጡ፤ በአንድ ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ሁለት ፌዝ አይግባ። ለየመስመሩ ለየብቻ 30 ሚሊአምፔር የሆነ የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር የተገጠመለት ቤት ይህንን ስህተት ወዲያው ያጋልጣል፤ መብራቱ በበራ ቁጥር ይጥላል። “ይህ ብሬከር አስቸገረን” ብላችሁ አታስነቅሉት፤ የተዋሰውን ኒውትራል አስፈልጉት።

ልስን ከመመታቱ በፊት

የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ 10ኛው ክፍል የተሰጠው ለሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ብዙ የግል ቤት ሠሪዎች ለፌሮና ለሲሚንቶ መሐንዲስ ያማክራሉ፤ የሽቦውን ነገር ግን ቱቦ ለሚቀብረው ልጅ ይተዉታል። ልጁ የሚያውቀውን ይሠራል፤ መሐል ላይ አንድ አምፖል፣ በር አጠገብ አንድ ማብሪያ።

ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ቱቦዎቹ በፌሮው ላይ ይታሰራሉ። ያን ቀን በቦታው ተገኙ። ለቻንደሌሩ የሚሆነው መንጠቆ ከፌሮው ጋር ታስሮ ይቀበር፤ ከባድ ቻንደሌር ጂፕሰም ላይ አይንጠለጠልም። የቱቦዎቹ አፍ ኮንክሪት እንዳይገባበት ይደፈን። ከእያንዳንዱ ማብሪያ ሳጥን ወደ ኮርኒሱ የሚወጣው ቱቦ ቀጭን አይሁን፤ ዛሬ ሦስት ሽቦ የሚያልፍበት ነገ ስድስት ሊያልፍበት ይችላል። በመግቢያው ማብሪያና በኮሪደሩ ማብሪያ መካከልም፣ አሁን ባትጠቀሙበት እንኳን፣ አንድ ባዶ ቱቦ ከመሳቢያ ሽቦው ጋር ይቀበር። የአንድ ባዶ ቱቦ ዋጋ በኋላ ግድግዳ ከማስቦርቦር፣ እንደገና ከማስለሰንና ከማስቀባት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በእያንዳንዱ ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ይግባ። ይህንን ሰምተው “ለማብሪያ ኒውትራል ምን ያደርጋል?” የሚሉ ሠራተኞች አሉ። ለተራ ማብሪያ ምንም አያደርግም፤ ጫፉ ተሸፍኖ ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል። ወደፊት በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ወይም ሰው ሲያልፍ የሚያበራ ሴንሰር መግጠም ሲፈለግ ግን ያለ እሱ ሥራው ይጓደላል። ሳጥኑም ጠለቅ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሽቦ በጉልበት ሲታጨቅ መገጣጠሚያው ይላላል፣ የላላ መገጣጠሚያም ይግላል።

የማብሪያው ቦታ ከወለሉ 1.20 ሜትር አካባቢ ቢሆን ልጅም አዋቂም ይደርስበታል። በሩ ሲከፈት የሚሸፍነው ወገን ላይ አይሁን፤ በእጀታው በኩል ይሁን። ይህ ቀላል ነገር የሚሳሳተው ቱቦው ሲቀበር የበሩ አከፋፈት ገና ስላልተወሰነ ነው፤ አስቀድማችሁ ወስኑት።

ልስኑ ከመመታቱ በፊት በነበረው ቀን ግድግዳውን ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሜትር ዘርግታችሁ ቱቦው ከጥጉ በስንት ሴንቲሜትር እንደሚያልፍ በፎቶው ላይ ይታይ። የእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ ናስትሮ ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉበት። ከአምስት ዓመት በኋላ መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ ሲበሳ ይህ ፎቶ የሚያድነውን ታዩታላችሁ።

ጂፕሰም ሠሪው ሲመጣም ሽቦ አገጣጥሞ በላዩ ዘግቶ እንዳይሄድ ተከታተሉ። መገጣጠሚያ ሁሉ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በኮኔክተር የታሰረ፣ እጅ የሚደርስበት መሆን አለበት። ለስትሪፑ ኃይሉን የሚቀይርለት ድራይቨር ከሁሉም ቀድሞ የሚበላሸው ዕቃ ስለሆነ ስፖት ላይት በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ሊወጣ የሚችልበት ቦታ ይቀመጥ፤ አለዚያ የአንድ ድራይቨር መቃጠል ጂፕሰም ያስቆርጣል።

ግድግዳው የማይነካ ቤት

የጎተራ ኮንዶሚኒየምን በመሳሰሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ኮለንና ቢም አይቦረቦርም፤ ቤቱ የናንተ ብቻ አይደለም። የቀበሌ ቤትና የጭቃ ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። የጭቃ ግድግዳ ለቱቦ ሲቦረቦር ጭረቱ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤ ምርጉ ተያይዞ ይወርድና እንጨቱ ይታያል። እዚህ ቤት ውስጥ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ትራንኪንግ ይሻላል። በበሩ መቃን ጠርዝና በኮርኒሱ ሥር አድርጎ በጥንቃቄ ከተለጠፈ ብዙም አይታይም።

በችፑድ ወይም በአቡጀዲ ኮርኒስ ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከኮርኒሱ በላይ ደረቅ እንጨት፣ አቧራና አይጥ አለ። አይጥ የሽቦ ሽፋን ይቀረጥፋል፤ ስለዚህ እዚያ የሚዘረጋው ሽቦ ባዶውን ሳይሆን በቱቦ ውስጥ ይለፍ። 50 ዋት የሆነው የድሮው ሃሎጅን ስፖት እንዲህ ባለ ኮርኒስ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀቱ እንጨት ያከስላል። ኤልኢዲ ብቻ ይሁን፤ ለእሱም ከጀርባው የአየር ቦታ ይተውለት።

ለተከራይ የሚመቸው ደግሞ ገመድ አልባው ነው። ኮርኒሱ ውስጥ፣ ከቻንደሌሩ ቆብ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ተቀባይ ትገጠማለች፤ ማብሪያው ግድግዳው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል። ባትሪ እንኳን የማይፈልግ፣ ሲጫን በራሱ እንቅስቃሴ ኃይል የሚያመነጭ ዓይነት አለ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ እንዳየነው፣ ሰው ሲነሣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ይቀራል፤ የተለጠፈው ማብሪያና ተቀባዩ ግን ከቤት ዕቃው ጋር ይጫናል።

በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ

ሲገዛ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ኒውትራል ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም? የማይፈልገው ዓይነት በአምፖሉ ውስጥ ጥቂት ኃይል እያሳለፈ ስለሚኖር ትንሽ ኤልኢዲ ላይ ብልጭ ድርግም ያመጣል። ሁለተኛው፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእጅ ይሠራል ወይ? ዋይፋይ ሲጠፋ ሳሎኑ ጨለማ የሚሆን ከሆነ አትግዙት። ሦስተኛው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ዋናው ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ያደርጋል? አንዳንዶቹ ሁሉን አብርተው ይነሣሉ፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲመጣ ሳሎኑ ቦግ ብሎ ያድራል። በነበረበት ወይም ጠፍቶ እንዲቆይ የሚስተካከል መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ጠፍቶም ጭል ጭል የሚል አምፖል

ማብሪያው ጠፍቶ ኤልኢዲው በጨለማ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ ወይም በየጥቂቱ ብልጭ ቢል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። ማብሪያው ውስጥ በጨለማ እንዲታይ የተደረገች ትንሽ መብራት አለች፤ ወይም ኒውትራል የማይፈልግ ዘመናዊ ማብሪያ ተገጥሟል፤ ወይም ተመላሹ ከፌዝ ጋር በአንድ ቱቦ ረጅም መንገድ ስለተጓዘ ጥቂት ኃይል ይጋባበታል፤ ወይም ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አደጋ የላቸውም፤ አራተኛው ግን አለው። ስለዚህ ጭላጭሉን ካያችሁ መጀመሪያ አራተኛውን አስመርምሩ።

ቆጣሪው ላይ

አራት በአምስት ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ቻንደሌሩ ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል፣ 54 ዋት። ስምንት ባለ 7 ዋት ስፖት፣ 56 ዋት። በሜትር 10 ዋት የሚወስድ 16 ሜትር ስትሪፕ፣ 160 ዋት። ድምሩ 270 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 1.2 አምፔር ያህል። ለአንድ 10 አምፔር ብሬከር ምኑም አይደለም፤ ምድብ መክፈል ተጨማሪ ብሬከር አያስፈልገውም።

ሁሉም በአንድ ማብሪያ ከሆነ በቀን አራት ሰዓት ሲበራ በ30 ቀን 32.4 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ልጆቹ ሲያጠኑ የሚበቃቸውን ስፖት ብቻ ለማብራት ቢቻል 6.7 ይሆናል። የቤት ታሪፋችን በእርከን የሚሄድና የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮም ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ሲስተካከል መቆየቱን ስናስብ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አብዛኛውን የሚበላው ያ ለዓይን የሚያምረው ስትሪፕ መሆኑንም ልብ በሉ፤ ለብቻው ማብሪያ ሳይኖረው አይገጠም።

ርክክብ

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። አምፖል መቀየር ማንም ይችላል፤ ብሬከር ሳጥን መክፈትና አዲስ መስመር መዘርጋት ግን በኢነርጂ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ለተሰጠው ባለሙያ ይተው። ባለሙያው ሲሠራ ብሬከሩን አጥፍቶ “እንዳትነኩ” የሚል ወረቀት ሲለጥፍበት፣ ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል ባለው ሶኬት ሞክሮ ከዚያ ወደ ሥራው ሲመለስ ካያችሁ ሙያውን ያውቃል። ቴስተሩ ተበላሽቶ ባለመብራቱ ብቻ “ኃይል የለም” ብሎ እጁን የሚያስገባውን አስቁሙት።

ሲጨርስ እያንዳንዱን ምድብ ከየቦታው አብሩና አጥፉ። ቱ ዌዮቹን በአራቱም አቀማመጥ ሞክሩ። ማብሪያው ጠፍቶ የአምፖሉ መያዣ ውስጥ ፌዝ አለመኖሩን በፊታችሁ ይለካ፤ የቻንደሌሩ ብረት ከግራውንድ ጋር መገናኘቱም እንዲሁ። ከዚያ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ብሬከር የትኛውን እንደሚይዝ በአንድ ወረቀት ላይ አሥሉትና በብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፉት። ይህ ወረቀት ሳይለጠፍ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ።